ቀጥ አድርገሽ ያዢ

መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ስለ መሪ አያያዝ የሚያውቀውን ያህል፣ መሪን የፈለሰፈው ሰው ራሱ አያውቅም። በየቤቱ አንድ አለ። በእጁ ሳይሆን በአፉ ነው የሚነዳው። መኪና ውስጥ ከጎን ተቀምጦ በሌለ ፍሬን ላይ እግሩን ይረግጣል፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጋሪውን ሌላ ሰው ይገፋል፣ መታጠፊያውን እሱ ያሳያል። እናንተ ምናልባት ለአንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ለአንድ የበዓል ጉዞ ታግሣችሁት ይሆናል። እኔ አግብቼዋለሁ።

ካፒቴን ኖርበርት ዴልፎስ ይባላሉ። የብስ ላይ ኖርበርት ነው፤ የበር ፋብሪካ ጡረተኛ፣ ጫማውን ደጃፍ ላይ ጥሎ የሚገባ፣ አንተ የምለው ባሌ። ከአልጎማ ወደብ ወጥተን ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ስንሆን ግን ማዕረጋቸው ስለሚጨምር «እሳቸው» እላቸዋለሁ። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው እስከ ዛሬ አልተጣራም። ጀልባችን «ሲልቪያ» ትባላለች፤ በእናታቸው ስም ነው። እንግዲህ ሠላሳ አንድ በጋ ሙሉ አማቴን ስነዳ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ዓሣ ማጥመዱ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል። ስምንት ዘንግ ከጀልባዋ ኋላና ጎን ይተከላል፤ በየክሩ ጫፍ የሚያብለጨልጭ ማታለያ ታስሮ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ከዚያ ሳልመን ወይም ትራውት የሚባለው ዓሣ ተናዶ እስኪነክስ ድረስ፣ ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት ያንን ሁሉ ኮተት እየጎተቱ ሐይቁን መዞር ነው። ካፒቴኑ ከኋላ ቆመው፣ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው ዘንጎቹን ይጠብቃሉ። እኔ ከፊት መሪውን ይዤ ውኃና ሰማይ ብቻ ወደሚታይበት አፈጣለሁ። በየአምስት ደቂቃው ከኋላ ድምፅ ይመጣል።

«ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ቬርና።»

ቬርና እኔ ነኝ።

«ቀጥ ነው።»

«ቀጥ ቢሆን መች እናገር ነበር።»

ዞረው እንኳ አያዩኝም። ጀልባዋ ከኋላዋ የምትተወውን የአረፋ መስመር እያዩ ነው የሚፈርዱብኝ። እውነቱን ለመናገር ያ መስመር ቀጥ ብሎ አያውቅም። ወፍ አያለሁ፣ ደመና አያለሁ፣ የቋሊማ ሳንድዊቼን እገምጣለሁ፣ መሪው ከእጄ ይንሸራተታል። ሲናገሩኝ ደግሞ እደነግጥና ወደ ሌላው ጎን አብዝቼ እመልሰዋለሁ። ከዚያ ያኛውን ደግሞ ያስተካክላሉ። እንዲህ እያልን በአንድ ጠዋት ስድስት ሰዓት እንጨቃጨቃለን።

ሕጉ ግልጽ ነው። ዓሣ ከተያዘ የያዙት እሳቸው ናቸው፤ ካመለጠ ያስመለጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ሐምሌ፣ ትልቅ ዓሣ ክር ላይ እያለ አስነጠሰኝ። ዓሣው ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው፤ እስካሁን በየምስጋና ቀኑ፣ ገበታ ከቀረበ በኋላ፣ «ያ ማስነጠስ» ይነሳል። በመጀመሪያው ዓመት ዓሣው ሃያ ፓውንድ ነበር። ያመለጠ ዓሣ ምን እንደሚበላ እንጃ፣ ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ደርሷል።

ነገሩ በሐይቁ ቢያበቃ መልካም ነበር። ልጃችን ኮሊን ስትዳር፣ ኖርበርት ክንዷን ይዞ ወደ ካህኑ ሲያደርሳት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ ባለበት ሰዓት «ቀጥ በይ፣ ወደ ግራ እየሄድሽ ነው» ሲላት ሦስት ወንበር ድረስ ተሰምቷል። እኔ የሐሞት ከረጢቴን ላስወጣ በተሽከርካሪ አልጋ ስገፋ ከጎኔ እየሄደ ነርሷን «የቀኝ ጎማው ይስባል፣ አልታወቀሽም?» አላት። ነርሷ እኔን አየችኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

ይህን ሳወራ እየሳቅሁ እንዳይመስላችሁ። ያለፉት ሦስት በጋዎች ልብ የሚሰብሩ ነበሩ። ኪንግ ሳልመን፣ ያ ጥቁር አፍ ያለው ትልቁ፣ ለእኛ ጀልባ ከሐይቁ የጠፋ ያህል ነው። ካቻምና ሁለት ያዝን። አምና አንድም አልያዝንም፤ የያዝነው አንድ ቀጭን ትራውት ነበር፣ እሱንም አሳዝኖን ለቀቅነው። ጎህ ሳይቀድ ወጥተን ባዶ የበረዶ ሣጥን ይዘን እንመለሳለን። ዓርብ ዓርብ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ መሸታ ቤት ሄደን የዓሣ ጥብስ እንበላለን፤ ዓሣው በረዶ ሆኖ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ኖርበርት በልቶ እስኪጨርስ ከሳህኑ ቀና አይልም።

ደግሞ እጁ። አርባ ዓመት በር ሲሠሩ የኖሩ ጣቶች አሁን ይንቀጠቀጣሉ። ክሩን በማታለያው ቀዳዳ ለማስገባት ሦስቴ አራቴ ይሞክራል። «አምጣ ልሰርልህ» ስለው «አንቺ መሪሽን ያዢ» ይለኛል። ጀልባዋ ገና ጋራዥ ውስጥ፣ ተጎታች ጋሪ ላይ ናት፤ የምን መሪ።

በሚያዝያ፣ ወጥ ቤት ቆሞ፣ ወደ መስኮቱ እያየ እንዲህ አለኝ።

«እስከ መስከረሙ የሠራተኞች ቀን አንድ ኪንግ ካልያዝኩ ሲልቪያን ለኦርቪል እሸጣታለሁ።»

ኦርቪል ወደቡ ላይ ከጎናችን ጀልባውን የሚያስር ሰው ነው። ሲልቪያን ከእኔ በላይ ይወዳታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ያቺን ዐረፍተ ነገር ስጠብቅ ነበር፤ ተነስቼ መጨፈር ነበረብኝ። ግን ከፋብሪካው ጡረታ የወጣ ጊዜ ያሳለፈው ክረምት ትዝ አለኝ። ያኔ ሦስት ወር ሙሉ እዚያው መስኮት ሥር ተቀምጦ ከርሟል። የሐይቁ በረዶ ሲቀልጥ ነው ሰው የሆነው። ጀልባዋ ከሄደች እዚያው መስኮት ሥር እንደሚቀርብኝ ገባኝ።

በዚህ ላይ የኮሊን ባል ትሬቨር ደረሰልን። ልበ ቀና ልጅ ነው። ከዚያ የባሰ ስጦታ ግን አይቼ አላውቅም፤ ጀልባዋን ብቻውን የሚነዳ አውቶማቲክ መሪ ገዝቶ መጣ። አቅጣጫውን ነግረኸው ትተኛለህ፤ እሱ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ይነዳልሃል። «አሁን ተገላገላችሁ» አለን። እኔ ወደ ሳንድዊች ክፍል ተዛወርኩ።

ሰኔ አንድም ዓሣ የለም። ሐምሌ አንድም የለም። የውኃውን ውስጥ በሚያሳየው መሣሪያ ላይ ከሥራችን ዓሣ እንዳለ ይታያል፤ ከማታለያው ኋላ ተከትሎ ተከትሎ ይተወዋል። አረፋው ከኋላችን ቀጥ ብሎ እስከ ወጣንበት የዊስኮንሲን ዳርቻ ይዘረጋል። ካፒቴኑ የሚሉት አጡ። አንድ ቀን ከልማድ «ቀጥ አድርገሽ...» ብለው ጀመሩና ዞር ሲሉ መሪው ላይ ማንም የለም። ከዚያ በኋላ ባልዲያቸውን ገልብጠው እየተቀመጡ ሙሉ ጠዋት ቃል ሳይተነፍሱ ይውላሉ። ያ ዝምታ እንዳስጨነቀኝ ጩኸታቸው አስጨንቆኝ አያውቅም።

በበጋው መጨረሻ ኦርቪል ወደቡ ላይ ጠብቆ ለብቻዬ አገኘኝ።

«ቬርና፣ ያንን ማሽን አጥፊው።»

«ምን አደረገህ?»

«ዓሣ ቀጥ ያለ ነገር ይሰለቸዋል። ጀልባ ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው ማታለያ ይሰምጣል፣ በውጭ በኩል ያለው ይፈጥናል። ያኔ ነው የሚነክሰው። ስትይዙ የኖራችሁት እኮ አንቺ ስለምትጠማዘዢ ነው።»

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«ወደቡ በሙሉ።»

«ኖርበርትስ?»

«ማን ደፍሮ ይነግረዋል?» አለና ቆቡን አስተካከለ።

ይህን የሚነግረኝ ሲልቪያን ሊገዛ ቀን የሚቆጥር ሰው መሆኑን ልብ በሉልኝ። ለኖርበርት አልነገርኩትም። ሠላሳ አንድ ዓመት የታገልከው ነገር ነው ሲያበላህ የኖረው ተብሎ ለአንድ ሰው እንዴት ይነገራል። እጁ እየከዳው ነው፣ ሐይቁ ከድቶታል፤ ትክክል መሆኑ እንኳ ይትረፍለት ብዬ ተውኩት።

የሠራተኞች ቀን ሰኞ፣ የመጨረሻው ቀናችን፣ ደረሰ። ኦርቪል ቀትር ስድስት ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ሊረከበን ተቀጣጥረናል። ጎህ ሳይቀድ ካፒቴኑ በባትሪ ብርሃን ማታለያዎቹን ሲያስሩ አየኋቸው፤ አንዷን ብቻ ለማሰር ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። ላግዝዎት አላልኩም። እስከ አራት ሰዓት በማሽኑ ቀጥ ብለን ሄድን። ምንም የለም። ባልዲው ላይ ተቀምጠው ሐይቁን ሳይሆን ጫማቸውን ያያሉ።

ተነሳሁና ማሽኑን አጠፋሁት። መሪውን ያዝኩ።

«ምን ሆነ?» አሉ ካፒቴኑ።

«ደከመው መሰለኝ።»

ሆን ብሎ መጠማዘዝ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስፈልገው እምቢ አለኝ፤ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በመጨረሻ እንደ ድሮው ወፍ ማየት ጀመርኩ። አንድ ጥቁር የውኃ ወፍ ጠልቆ እስኪወጣ ስጠብቅ ከኋላዬ መጣ።

«ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ቬርና።»

ሁለት ወር ሙሉ አልሰማሁትም ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ደንግጬ መሪውን ወደ ሌላው ጎን አብዝቼ መለስኩት፣ የቀኙ ዘንግ እስከ ውኃው ጎበጠ።

ኪንግ ነበር። ክሩ እየጮኸ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ወሰደባቸው። ካፒቴኑ ሃያ ደቂቃ ታገሉት፤ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ዘንጉን በሆዳቸው ደግፈው ያዙት። ከጀልባዋ ኋላ ብቅ ሲል ጎኑ ብር፣ አፉ ጥቁር፣ ርዝመቱ እንደ ክንዴ ነው። መሪውን ለቅቄ መረቡን አነሳሁ። ሁለት ክንድ ሲቀረው ክሩ ረገበ። ዓሣው ለጥቂት ጊዜ እዚያው ቆየ፣ ነጻ መሆኑን ያላወቀ ይመስል። ከዚያ ሰመጠ።

ክሩን ሰብስበው ጫፉን በጣታቸው ያዙት። ክር ሲበጠስ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ቋጠሮ ሲፈታ ግን እንደ አሳማ ጭራ ይጠቀለላል። ይህን የማያውቅ ዓሣ አጥማጅ የለም። የእኛ ተጠቅልሎ ነበር። ጠዋት በባትሪ ብርሃን፣ ሩብ ሰዓት ፈጅቶ የታሰረው ነው የተፈታው።

እዚህ ላይ «እሳቸው» ማለት አቃተኝ። ኖርበርት ባልዲው ላይ ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ። አሁን ይናገረኛል፣ አሁን ስሜን ይጠራል አልኩ። አልጠራም። ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ኦርቪል ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። ፈራሁ።

«የኔ ጥፋት ነው» አልኩት። «መሪውን ስለቅቀው ጀልባዋ ተጠመዘዘች። ቀጥ አድርጌ አልያዝኩትም።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ለማስነጠሱም ቢሆን ይቅርታ አልጠየቅሁም። ኖርበርት የተጠቀለለውን ጫፍ አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ። ሞኝ አይደለም፤ ቋጠሮ ማሰር የጀመረው ከሰባት ዓመቱ ነው። እኔ ወፉን ማየት ቀጠልኩ። ጫፉን በመቀስ ቆርጦ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና ቁልፉን ቆለፈ።

«ስንት ጊዜ ነው የነገርኩሽ?» አለ።

«ብዙ ጊዜ።»

«መረብ በአንድ እጅ፣ መሪ በአንድ እጅ።»

«እሺ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ቬርና። ሕፃን እንኳ ይማራል።»

«እሺ ኖርበርት።»

በእያንዳንዱ ቃል ድምፁ እየተመለሰ መጣ። ወደብ እስክንደርስ አላረፈም። ማስነጠሱን አነሳ፣ የሠርጉን ቀን አነሳ፣ መኪናችንን ከፖስታ ቤቱ ደጃፍ ያጋጨሁበትን ጊዜ አነሳ። ሁሉንም እሺ አልኩ።

ኦርቪል ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ቆሞ ነበር።

«ያዝክ እንዴ?» አለው።

«የያዝኩትን አስመለጠችው» አለ ኖርበርት ገመዱን እየወረወረለት። «ሽያጩ ቀርቷል። ይቺ ሴትዮ መሪ መያዝ ሳትማር ጀልባ ሸጬ የት እሄዳለሁ?»

ኦርቪል እኔን አየኝ። እኔ እንደ ጥፋተኛ አንገቴን ደፋሁ። ገመዱን ሲያስርልን ሳቁን እየዋጠ እንደነበር ትከሻው ያስታውቃል፤ ከንፈሩን ግን ይነክስ ነበር፣ ጀልባዋ አምልጣዋለችና። ዓሣው በዚያን ሰዓት ሃያ አምስት ፓውንድ ነበር። ዓርብ የዓሣ ጥብሱ ላይ ሠላሳ ገባ።

ሸሚዙን ሳጥብ ያቺን የተጠቀለለች ክር ከኪሱ አገኘኋት። መርፌና ክር የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኳት። እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩት።

አሁን ወደቡ በረዶ ይዞታል። ባለፈው ሳምንት ኖርበርት የማታለያውን ሣጥን ከጋራዥ አምጥቶ፣ ያለ አንዳች ቃል፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፊቴ አስቀመጠው። መነጽሬን አደረግሁ። የመጀመሪያውን ክር በቀዳዳው አስገብቼ ስቋጥር እሱ ከኋላዬ ቆሞ ያያል።

«አጥብቂው፣ ቬርና» አለኝ።

አጠበቅሁት።