እትዬ ግድየለም

እንዲህ ያለች ሴት የማትገኝበት ቤተ ክርስቲያን የለም። ወንበር ስትሰጧት ለሌላ ትለቃለች፤ ጃንጥላ ስታውሷት ለመንገደኛ ሰጥታ በስብሳ ትመጣለች። ቅድስና ነው እንዳልል ታበሽቃለች፤ በሽታ ነው እንዳልል ወደ እኔ አልተጋባም።

የእኛዋን፣ ክብርት የምትባለውን፣ እትዬ ግድየለም እንላታለን፤ ከአፏ ከማይለየው ቃል ወስደን ያወጣንላት ስም ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቋም መኖሪያዋም ከቤቴ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች ጠባብ ክፍል ናት።

አንዴ ጥርሷ አብጦ ክሊኒክ ወሰድኳት። ተራዋን ለነፍሰ ጡር ለቀቀች፤ ለሽማግሌ ለቀቀች፤ በመጨረሻ ምንም ላልሆነ ጎረምሳ «የቸኮለ ይመስላል» ብላ ለቀቀች። ሐኪሙ በሩን ዘግቶ ሲወጣ ጉንጯን እንደያዘች መልካም ምሳ ተመኘችለት።

የመዘምራኑን ልብስ ብቻዋን ሰፍታ ስታስረክብ ደግሞ፣ ሰብሳቢው በጉባኤ ፊት ያመሰገነው ሌላ ሴት ነበር። ላርም ብነሳ ኮቴን ጎትታ አስቀመጠችኝና ከሁላችንም አብልጣ አጨበጨበች። የሚገርመው ከልቧ መሆኑ ነው።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። «ጨርቅ ትሰርቃለች» ብለው ስሟን ያጠፉት፣ ደንበኞቿንም ያሸሹባት እሳቸው ናቸው። በኋላ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ አልጋ ላይ ሲወድቁ ደጃቸውን የረገጠ ጎረቤት አልነበረም። እትዬ ግን ጠዋት ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት ሄዳ ታጥባቸው፣ አንሶላቸውን ትቀይር፣ በማንኪያ ታጎርሳቸው ጀመር። እሳቸውም ከክፋታቸው አልተመለሱም፤ በኮልታፋ አንደበታቸው ሾርባው ቀዘቀዘ ብለው ይቆጧት ነበር።

አንድ ቀን አንሶላቸውን ስታሰጣ አገኘኋትና አላስችለኝ አለ። ይቺ ሴትዮ እንጀራሽን የዘጋች አይደለችም ወይ፣ ምን ዕዳ አለብሽ አልኳት።

አንሶላውን መዘርጋቷን ሳታቋርጥ መለሰችልኝ። «ልጄ፣ እግዚአብሔርን እወደዋለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። እሱን አላጥበው፣ አላጎርሰው ነገር። ምን ላድርገው ብዬ ስጨነቅ፣ የተገኙት እሳቸው ናቸው።»

ከዚያ የመምህርቷ ልጅ ከሩቅ ከተማ መጥታ እናቷን ልትወስድ ተነሳች። አሮጊቷ ግን ከእትዬ እጅ ካልሆነ አልጎርስም አሉ። ልጅቷ እያፈረች አብረሽን ብትሄጂ ብላ ለመነቻት። እትዬ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነች፣ ሱቋን ቆለፈች፣ ሄደች። ልንሸኛት ብንሰበሰብ መኪናው ውስጥ የሕመምተኛዋን ትራስ ስታስተካክል ቀና ብላ እንኳ አላየችንም።

ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ወንበር የሚለቅልን፣ የሚያበሽቀንም ጠፋ። ጎረቤቴ ሳለች እግዚአብሔር ከግድግዳው ባሻገር ያለ፣ ብጠራው የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ለጸሎት ስቆም አንድ ነገር ክፉኛ ይናፍቀኛል፤ እሷ ትሁን እሱ፣ መለየት አቅቶኛል።