ከመስኮቱ ሥር የበቀለችው ነጭ አበባ

አበባ ስም የሚወጣለት ሲተልቅ ነው። ጽጌረዳን የማያውቅ የለም፤ አደይማ በዓመት አንዴ ብቅ ብላ ስንቱ ይዘፍንላታል። የሸሚዝ ቁልፍ የማታክል ነጭ አበባ መንገድ ዳር ብታዩ ግን ምን ትሏታላችሁ? «አበባ»። ጠጋ ብላችሁ ካያችኋትም «ትንሽ አበባ»። አትፈሩ፣ እኔም እንደናንተው ነበርኩ፤ አሰብ ላይ አንዲቷ ሦስት ቀን ሙሉ መቆሚያ መቀመጫ እስክታሳጣኝ ድረስ።

ጊዜው አሰብ የሌላ አገር ከተማ ከሆነች ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነው። ወደቡ ግን የእኛን እህል ማራገፉን አልተወም። እኔም ከአዲስ አበባ ተልኬ፣ ወደ ኢትዮጵያ በሚጫነው ስንዴ ውስጥ ባዕድ የአረም ዘር እንዳይገባ በምትፈትሽ አንዲት ጠባብ ቢሮ እሠራ ነበር። ሦስት ነን፦ አለቃችን አቶ መኮንን፣ ታይፒስቷ ሰዓዳ እና እኔ። ሰዓዳ የአሰብ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ግን የእኔን ያስንቃል።

በጥር አንድ ጠዋት አቶ መኮንን መስኮቱን ከፍተው «ና እስኪ!» አሉኝ። ከመስኮቱ ሥር፣ የኤርኮንዲሽነሩ ውሃ ጠብ በሚልባት ጥላ ውስጥ፣ ለምለም አረም መሬቱን አልብሶ ነጫጭ አበባ አውጥቷል። አሰብ ውስጥ! ድንጋዩ እንኳ ጥላ በሚፈልግበት አገር! እኔ በደስታ ልዘል ስል የአለቃዬ ፊት ጠቆረ። የፈተሽነውን ስንዴ ትራፊ የምንደፋው እዚያው ነበራ።

«ከስንዴው ጋር መጥቶ ከሆነ ጭነቱ በሙሉ ይታገዳል» አሉ። «ምን እንደሆነ ለይተህ ንገረኝ። እስከዚያ አንድም መኪና አይጭንም።»

ከኮርስ የተረፈኝን አሮጌ የአረም መጽሐፍና ማጉያ መነጽሬን ይዤ ተንበረከክሁ። መጽሐፉ መጀመሪያ ቅጠለ አበባውን ቁጠር ይላል። ቆጠርሁ፤ አስር። በመጽሐፉ ውስጥ አስር ያላት እሷን የምትመስል አበባ የለችም። በማግስቱ ደግሜ ቆጠርሁ። አስር። አቶ መኮንንም ቆጠሩ፤ እሳቸው ዘጠኝ አገኙ። የሾፌሮቹ ሰልፍ ከበሩ እስከ ጨው ማምረቻው ደረሰ፤ ስድባቸውም እንደዚያው ረዘመ።

በሦስተኛው ቀን ሰዓዳ ሰለቻትና የሻሿን መርፌ ነቅላ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። አንዷን ቅጠለ አበባ በመርፌዋ ጫፍ ቀስ አድርጋ ቀና አደረገቻት።

«ኧረ አምስት ናቸው! እያንዳንዷ እስከ ወገቧ ተሰንጥቃ ነው ሁለት የመሰለችህ።»

አምስት! መጽሐፉን ስገልጥ ቁልጭ ብላ ተገኘች። በግንዷ ባንድ ጎን ብቻ ተሰልፎ የሚወርደው ስስ ፀጉር ሳይቀር አለ። ዘመዷ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ሙሽራ ኮቱ ላይ የሚሰካው ካርኔሽን! ሀብታም ዘመድ ያላት ድሃ በሏት። እየሮጥሁ ለአለቃዬ ነገርኳቸው።

«ደግ። የት ነው የሚበቅለው?»

አነበብሁላቸው። «በመላው ዓለም።»

አቶ መኮንን ራሳቸውን ያዙ፤ ከስንዴው ጋር ትምጣ አትምጣ በዚህ አይታወቅማ።

ይሄኔ ጋሽ ደምሴ፣ ሃያ ዓመት የአሰብን መንገድ የተመላለሱ የደሴ ሾፌር፣ ሊጮሁብን በሩን በርግደው ገቡ። አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ግን ጠረጴዛው ላይ ያለችውን አበባ አዩ።

«ይቺን ደግሞ ማን አመጣት? እኛ ቤት ጎመኑን አላስበቅል ያለች አረም! ባለቤቴ እየነቀለች ለዶሮ ነው የምትሰጣት።»

ሰዓዳ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቋ ግን በጣቶቿ መሃል አመለጠ። «ጋሽ ደምሴ፣ የእርስዎ ጤና አዳም!»

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ሰዓዳ ለምናቸው፣ ጋሽ ደምሴ በዘይት ቆርቆሮ ከነአፈሩ ጤና አዳም ከደሴ አምጥተውላት ነበር። ጤና አዳሙን ሙቀቱ ገደለው፤ እሷም አፈሩን በመስኮቱ ደፋችው። የአረሟ ዘር ለካ አፈሩ ውስጥ ኖሯል። ስንዴው ንጹሕ፣ እኛም ነጻ!

አቶ መኮንን በደስታ የምርመራውን ቅጽ አወጡ። ቅጹ ስለ አረሙ ምንጭ ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፦ ያገር ውስጥ፣ የውጭ።

«ያገር ውስጥ በይው» አሉ።

ሰዓዳ እጇን ከታይፑ ላይ አነሳች። «ጋሼ፣ የበቀለችው አሰብ ነው እኮ። እዚህ የውጭ ናት።»

«ከደሴ መጥታ?»

«ከደሴ ስለመጣች ነዋ!»

«እንዲህ ከሆነ» አሉ ጋሽ ደምሴ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «እኔስ ታዲያ ምንድን ነኝ?»

ሰዓዳ ሽማግሌውን አየት አደረገቻቸው፤ ከዚያ ሁለቱንም ምርጫ በኤክስ ደምስሳ ከበላያቸው አንድ ቃል መታች። አቶ መኮንን ወረቀቱን ስበው አነበቡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡ። «ጎረቤት» ይላል። ፈገግ ብለው ፈረሙ፤ ማኅተሙንም መቱበት።

ያን ቀን ከሰዓት ወደቡ ስንዴ ጭነው በሚወጡ መኪኖች ጡሩምባ ተናወጠ። ወረቀቱም አዲስ አበባ ደረሰ፤ ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀን ሰው ግን የለም።