የማይቆለፈው የሾዴ ፊልም

አንድ ሰፈር ሰፈር ለመባል ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ መብራት፣ ውሃ፣ እና ሰው የማይጠረጥር አንድ ሰው። መብራቱና ውሃው ይጠፋሉ። ሰውዬው ግን አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም። እናንተም ሰፈር አለ። መሰላሉን ለማያውቀው ሰው አውሶ ስሙን እንኳ የማይጠይቀው፣ ስትቆጡት ደግሞ «ሰው እኮ ነው» እያለ የሚያደርቃችሁ፣ እሱ ነው።

የእኛ የጉለሌው ክቡር ዳይሬክተር ሾዴ ይባላል። አሥራ ስምንት ዓመት ሠርግ ቀርጿል። እሱ ያልቀረጸው ባለትዳር ካለ በድብቅ ያገባ ነው። ባለፈው ዓመት ግን «በቃ፣ የሰው ኬክ ሲቆረጥ ማየት ሰለቸኝ» አለና የራሱን ፊልም ሠራ። ስሙ «መወርወሪያ» ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን እየሸመኑ አሥራ አንድ ዓመት የተኳረፉ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ። ሲኒማ ቤት ቢወስደው «ሳቅ የለውም» ብለው መለሱት። እሱም በቴሌግራም ልሸጠው ነው አለ። ብሩን በስልክ ትልካለህ፣ እሱ ፊልሙን ይልክልሃል፣ አለቀ።

እዚህ ላይ የቤቱን ጉዳይ ልንገራችሁ። ካሜራው የተገዛው ለጣሪያ በተቀመጠ ብር ነው። ባለቤቱ ኢየሩ ይህን ያወቀችው ዝናቡ አልጋዋ ላይ ሲንጠባጠብ ነው። አልጮኸችም።

«ስማ» አለችው፣ «እስከ ፋሲካ ፊልምህ የጣሪያዬን ብር ከመለሰ መለሰ። ካልመለሰ ካሜራው ይሸጣል፤ አንተም ሽሮ ሜዳ ወንድሜ ሱቅ ገብተህ ጋቢ ትሸጣለህ።»

«እሺ» አላት። ባልዲው መሀላቸው ተቀምጦ ሌላ ምን ይላል?

ዊንጌት ጋ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሂሻም ሊረዳው ፈለገ። «ጋሽ ሾዴ፣ ቁልፍ እናድርግበት። የገዛው ሰው ስልክ ላይ ብቻ ነው የሚከፈተው። ወደ ሌላ ቢላክ አይሠራም።»

«ስልኩ ቢሰበርበትስ?»

«በቃ፣ ድጋሚ ይገዛል።»

«የገዛው ሰውዬ? ምን በደለ?»

«ማለቴ... አሠራሩ እንደዛ ነው።»

«እሺ፣ እናቱ በራሷ ስልክ ማየት ብትፈልግስ?»

«እሷም ትገዛለች።»

«ስለዚህ እናትየዋን ሌባ ነሽ ልበላት?»

«ጋሼ፣ እኔ እናት ሰደብኩ እንዴ?»

«የገዛኝ ሰው እንግዳዬ ነው» አለ ሾዴ ተነስቶ። «እንግዳ በር ላይ አይፈተሽም። ቁልፍህ የሚያስቸግረው የከፈለኝን ነው፤ ሌባውማ መች ቁልፍ ቸግሮት ያውቃል?»

ይቺን ንግግር ከዚያ በኋላ ጉለሌ ውስጥ ያልሰማት የለም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ይላታል። ፀጉር ቤት ይላታል። ነጠላ የምትሸጠው ሙኒያ ስልኳ ሦስት ጊዜ ጠፍቶባት ፊልሙን ሦስት ጊዜ በነፃ ሲልክላትም ብሏታል። ሙኒያ መጨረሻ ላይ ስልክ መጥፋቱ ራሱ አሳፍሯት በአንገቷ አሠረችው።

አንድ ቀን ደግሞ ሾዴ ፍላሽ ላይ ፊልም ወደሚጭነው ወደ ፈድሉ ሱቅ ገብቶ፣ «መወርወሪያ አለህ?» አለው።

«አለ! አዲስ ነው፣ ማንም ጋ አታገኘውም።»

ክቡር ዳይሬክተሩ ከፍሎ የራሱን ፊልም አስጫነ። እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፍቶ መጨረሻውን አየና ራሱን ያዘ። «አሥር ደቂቃ ተቆርጧል እኮ! ሰው ወንድማማቾቹ ሳይታረቁ ወደ ቤቱ ይሂድ?» ስልኩን አውጥቶ ሙሉውን ሰጠው። «ይሄንን ጫን።»

«አንተ ከየት አመጣኸው?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ፈድሉ እስከዛሬ፣ ሾዴ በዚያ ሲያልፍ፣ ባንኮኒው ስር የወደቀ ነገር ይፈልጋል።

ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የጣሪያው ብር በግማሽ እንኳ አልሞላም ነበር። ያን ጊዜ ነው ሩቲ የመጣችው። ሩቲ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምር ናት። ፊልሙን ከፍላ ገዝታ፣ አልቅሳ፣ ልቧ ስለተነካ ብቻ አራት መቶ ሰው ያለበት የምዕመናን ግሩፕ ላይ ሙሉውን ለጠፈችው። «የወንድማችን የሾዴ ድንቅ ሥራ፤ ተባረኩበት!» ከስሩ «አሜን» ይዘንብ ጀመር። «አሜን።» «ተባርኬያለሁ።» «አሜን፣ ክፍል ሁለት የለውም?»

ኢየሩ ስልኳን ይዛ መጣች። «ይኸው እንግዶችህ! አሁን ማን ይገዛሃል? ለሩቲ ደውልላትና ታጥፋው።»

«ልጅቷ በደግነት ነው ያደረገችው። ላሳፍራት?»

«እሷ አትፈር፣ እኔ ልረጥብ?»

ሾዴ ባልዲውን አየ። ካሜራውን አየ። «እሁድ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለ።

«ምን ብለህ? ሌቦች ብለህ?»

«አላውቅም። ቁልፍ ግን አላደርግም።»

እሁድ ማስታወቂያ ሲደርስ ፓስተሩ «ወንድም ሾዴ ሁለት ደቂቃ ጠይቋል» አሉ። ሩቲ በሳምንቱ ውስጥ ጥፋቷን ሰው ነግሯት ኖሮ፣ መዘምራኑ መሀል ፊቷ ቲማቲም መስሏል። ኢየሩ ኋላ በር አጠገብ ቆማለች፣ ለመውጣት እንዲመቻት።

«ቅዱሳን» አለ ሾዴ፣ «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ፊልሜን ያያችሁ እስቲ እጃችሁን አንሱ።»

የገዙት ሰባት ሰዎች ደረታቸውን ነፍተው አነሱ። ሌላው ሁሉ ድንገት መጽሐፍ ቅዱስ ማገላበጥ ጀመረ። ፓስተሩ ራሳቸው መነጽራቸውን መጥረግ ያዙ።

ሾዴ ዙሪያውን አየ። «ሰባት ብቻ? እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ፤ ፊቱ ላይ አንዲት የሳቅ ምልክት የለም። «እኔ እኮ ሁሉም አይቶታል ብለውኝ ተጨንቄ ነበር። ካላያችሁትማ ውጭ በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ።»

ያን ቀን ከአዳራሹ የወጣ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ነው የተሰለፈው። ሽማግሌው አቶ አክሊል ለራሳቸውና ለሦስት ሴት ልጆቻቸው ገዙ። «ለመሆኑ ስለ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ፣ ምስኪን፣ ለማስመሰል።

«ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነው፣ ጋሼ።»

«እህ! ታዲያ ያ ትልቁ ልጅ መወርወሪያውን ሲሰብረው...» አሉና ሳል ያዛቸው።

ሾዴ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገላቸውና ፊልሙን ላከላቸው።

ጣሪያው ከፋሲካ በፊት አዲስ ቆርቆሮ ተመታበት። ካሜራው አልተሸጠም። እኔም ያን ቀን ሰልፉ ላይ ነበርኩ፤ እጃቸውን ካላነሱት አንዱ ነኝ። ተራዬ ደርሶ ከፈልኩና ስለከበደኝ ጠጋ ብዬ፣ «ሾዴ፣ ሁላችንም እንዳየነው ታውቃለህ አይደል?» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ተናግሬ አራት መቶ ሌባ ባገኝ ምን ያደርጉልኛል? እኔ የፈለግሁት ገዢ ነው።»

አሁን ሁለተኛውን ሊጀምር ነው። ይሄኛውንም አይቆልፍም። ትናንት መንገድ ላይ አግኝቼው ብሩን ቀድሜ ላክሁለት። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።