ከቀዩ ጥለት በቀር

የፎቶ ቀለም የሚያደበዝዝ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ፎቶ ስታሳዩት አንገቱን ዘመም አድርጎ እንደ ሐኪም ያየዋል። ከዚያ፣ "ማለቴ፣ ቀለም በዝቶበታል" ይላል። ከፊታችሁና ከአንድ ቀይ ነገር በቀር ያለውን ሁሉ አመድ ያስመስለዋል። ይህንንም በፈረንጅ አፍ "ሶፍት" ይለዋል፤ ለስላሳ ለማለት ነው።

ሰው ከማማ ልናዘዝ። ሰውየው እኔ ነኝ።

የካዛንቺሱ ቤታችን ሊፈርስ ሰሞን እናቴን በራችን ላይ አቁሜ ፎቶ አነሳኋት። የነጠላዋን ቀይ ጥለት ብቻ አስቀርቼ ግድግዳውንም፣ በሩንም፣ ጎረቤት ልብስ የሚያሰጣበትን ገመድም አደበዘዝኩት። ስልኬ ስለሞላ ዋናውን ፎቶ አጠፋሁት። ደግሞስ ማን ይፈልገዋል? ጓደኞቼ "በቃ አንተ አርቲስት ነህ" አሉኝ፤ እኔም አመንኳቸው።

አሁን ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ሳሎን ሰቅየዋለሁ። ባለፈው እሑድ እናቴ ፊት ለፊቱ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"አባትህ በየዘመን መለወጫው ያገኘውን ቀለም ነበር በሩን የሚቀባው" አለች። "ሊሞት ዓመት ምን ነበር የቀባው?"

"ሰማያዊ" አልኳት።

"አረንጓዴ አልነበረም?"

ሁለታችንም ወደ ፎቶው ዞርን። ሥራዬ ነው ብዬ አይደለም፣ ጥለቱ ደም መስሎ ያምራል። በሩ አመድ ነው።

እናቴ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ያው የፎቶው ነጠላ ነው።

"ይቺማ ይኸው አለች፣ ልጄ" አለችኝ። "ምነው በሩን ባስቀረህልኝ።"