የሰይድ ዘንዶ

አንባቢ ሆይ፣ አሮጌ የካሴት ጌም የሚወድ ጎረቤት ገጥሞዎት ያውቃል? እኔ ገጥሞኝ ደክሞኛል። ሰይድ፣ የአዘዞው ጨርቅ ነጋዴ፣ ልጆች እንኳ የሰለቻቸውን ጌም ስንት ዓመት ተጫውቶም የመጨረሻውን ዘንዶ መግደል አቅቶታል። ጌሙ እንደሆነ ያቆሙበትን አያስታውስም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እንደገና ከዜሮ ነው። አውራ ጣቱ እንደ ገበሬ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል ብል ማን ያምነኛል?

ባለፈው እሁድ አመሻሽ ላይ ዘንዶውን ለመጣል አንድ ምት ብቻ ቀረው። ቤቱ የተሰበሰበው ሰፈርተኛ ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ።

“በለው ሰይድ!” ብዬ ጮህኩ።

መብራቱ ድርግም አለ።

ሚስቱ ዘይነባ በጨለማው ውስጥ አሳዝኗት መሰለኝ፣ “አይዞህ፣ ነገ ትገድለዋለህ” አለችው።

“አታሟርቺብኝ እንጂ፣ አንቺ ሴት! ያለኝ ካሴት አንድ ነው፤ ዘንዶው ከሞተ ከማን ጋር ላመሽ ነው?”