ቀጠሮ የበዛበት ፊልም

ያላየውን ፊልም የሚተርክ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ሶዶ አንድ አለን፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። ከጥንት ድርሰት የተወሰደ አንድ የሕንድ፣ የታሚል ቋንቋ የችሎት ፊልም ሲጠብቅ ከርሞ፣ ገና ያልወጣውን የጠበቃ ክርክር በቃሉ ይወጣዋል። ከየት አመጣው አትበሉኝ።

ያን ዕለት ለጉዳዬ ሄጄ ተሰልፌያለሁ። ከፊቴ በእንሰት ማሳ ድንበር የሚከራከሩ ከጉኑኖ የመጡ እናት ቆመዋል። ጸሐፊው የእሳቸውን ቀጠሮ እየጻፈ ስልኩን አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ፊልሙ ለአራተኛ ጊዜ ተራዘመ። በሰው ዕድሜ እንዲህ ይቀለዳል?»

«የምን ፊልም ነው፣ ልጄ?» አሉት እናትየዋ።

«ስለ ፍርድ ቤት ነው፣ እማማ።»

«እንግዲያማ ልክ እንደኛው አድርገው ሠርተውታል» አሉ፣ ሰባተኛውን የቀጠሮ ወረቀት ነጠላቸው ጫፍ ላይ እየቋጠሩ።