በ«ይቅደሙ» ያመለጠን ባቡር

እናንተ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ሁለት ሰዎች አንድ በር ላይ ሲገናኙ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ይቅደሙ!» «ኧረ አይሆንም!» «በሞቴ!» እዚያው ይመሻል። የሚጠብቃቸው ባጃጅ ጡሩምባ መንፋት ሰልችቶት ሞተሩን ያጠፋል። ይህን ጨዋነታችንን ለራሳችን ብቻ አላስቀረነውም፤ ጣሊያን ድረስ ወስደነዋል። የወሰድነው እኔና ጋሽ ባሳ ነን።

ጋሽ ባሳ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ያመርታሉ። እኔ የሙዝ ገበሬዎቹ ማኅበር ሠራተኛ ነኝ። ስለ ፍራፍሬ አያያዝ ለአጭር ሥልጠና ተላክን። ሙዝ መሀል አድገን፣ ሙዝ ከመርከብ የሚራገፍበት አገር ሄደን ስለ ሙዝ ተማርን። አትሳቁ፣ የምስክር ወረቀት አለኝ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሙዙ አልነበረም። ስንመለስ ጋሽ ባሳ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱልኝ ነው። የምወዳት ልጅ የአስቴር አባት ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ የሚያመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ከጋሽ ባሳ ሌላ የሚሰሙት ሰው የለም። ታዲያ ሥልጠናውን ሙሉ የጋሽ ባሳን ሻንጣ ሲሸከም፣ ባስነጠሱ ቁጥር «ይማርዎ» ለማለት ሲሽቀዳደም የከረመው ማን ይመስላችኋል?

የመጨረሻው ቀን ዕረፍት ሆነ። ከሠለጠንንበት ኔፕልስ በባቡር ካዜርታ ወደምትባል ከተማ ሄደን የድሮ ነገሥታቱን ቤተ መንግሥት አይተን ልንመለስ ተነሣን። ጋሽ ባሳ ጋቢያቸውን ለበሱ። ንጉሥ ቤት በጃኬት አይገባም አሉ። ንጉሥ ከቀረ ቆየ ብላቸው፣ «ቤቱስ?» አሉኝ።

ባቡሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ። ጎንበስ ብዬ «ይቅደሙ ጋሼ» አልኩ።

«አይሆንም ልጄ፣ ግባ።»

«ኧረ በማርያም!»

«በሞቴ ስልህ!»

እሳቸው ክንዴን ይዘው ሲገፉኝ፣ እኔ ወገባቸውን አቅፌ ስገፋ፣ ጣሊያኖቹ የተደባደብን መስሏቸው ስልካቸውን አወጡ። በሩ ተዘጋ። ባለጌው ሁሉ ተሳፍሮ ሄደ፤ እኛ ጨዋዎቹ ቀረን።

ሁለተኛው ባቡር ሲመጣ ግን ጨዋነትን በልቤ ረግሜ ዘልዬ ገባሁ። ዞር ስል ጋሽ ባሳ ንቅንቅ አላሉም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊታቸውን አዙረዋል። ልወርድ ስል በሩ ተዘጋብኝ። ደወልኩ። «ሂድ፤ የቸኮልከው አንተ ነህ» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ቤተ መንግሥቱን ብቻዬን አየሁት። የእብነ በረድ ደረጃ፣ በወርቅ የተለበጠ ወንበር፣ ከዚያ ሌላ ወርቅ። ወንበሩ ፊት ገመድ ተወጥሯል። ያን ሁሉ መቀመጫ ይዘው «አረፍ በል» የሚል አንድ ሰው የለም! እኛ አገር ኦቾሎ መንደር ብትሄዱ ያለችው አንዲት በርጩማ ለእናንተ ትለቀቃለች። ደግሞ ምኑን አየሁት? ፈርቼ ነበር። ዓይኔ ላይ የነበረው አስቴር ለሌላ ሰው ስትዳር ነው።

ስመለስ ጋሽ ባሳ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ነበር። ማደሪያችን በር ላይ ስንደርስ «ይቅደሙ» ከማለቴ በፊት ቀደሙ።

አገር ቤት ገብተን የሽምግልናው ቀን ደረሰ። ጋሽ ባሳ ቃላቸውን አላጠፉም፣ ሄዱልኝ። ችግሩ መዋሸት አያውቁም። አብረዋቸው የሄዱት ሽማግሌ እንደነገሩኝ፣ የአስቴር አባት ስለ ጠባዬ ቢጠይቋቸው፣ ታታሪ ነው፣ አይጠጣም አሉና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ግን ባቡር ላይ ቀድሞኝ ገባ፤ ጥሎኝም ሄደ» አሉ።

አባትየው ብድግ አሉ።

«ሾፌሮቼ ‹ቅደም፣ አይሆንም› ሲባባሉ በረዶው እየቀለጠ ስንት ዓሣ ሸቶብኛል! ዘሎ የሚገባ ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት። ልጄን ይውሰድ!»

አያችሁ? ያን ሁሉ ሻንጣ በከንቱ ተሸክሜያለሁ።

የሠርጉ ዕለት ድንኳኑ በር ላይ ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። የዘጉት አማቴና ጋሽ ባሳ ናቸው። «ይቅደሙ!» «ኧረ እርስዎ!» «በሞቴ!» ወጡ ይቀዘቅዛል፣ እነሱ ይገፋፋሉ። አማቴ «ዘሎ የሚገባ ሰው» ያሉትን አስታወስኩና የአስቴርን እጅ ይዤ በመሀላቸው ሾልኬ ገባሁ።

ከኋላዬ አማቴ ለጋሽ ባሳ ሲናገሩ ሰማሁ። «እንዴ! ለዚህ ባለጌ ነው እንዴ ልጄን የሰጠሁት?»